ቱ ስቴፕ መማር አማረኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የምኖር የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ ስታገባ ሠርጓ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከእራት በኋላ የካንትሪ ሙዚቃ ተከፈተና ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሁሉም ጥንድ ጥንድ እየሆነ አዳራሹን መዞር ጀመረ። የሙሽራይቱ አያት መጥተው እጃቸውን ሲዘረጉልኝ «አልችልም» ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቱ ስቴፕ ነው አሉኝ። ልማር ብዬ «የካንትሪ ዳንስ ለጀማሪዎች» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ከፍዬ ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ በረድፍ ተሰልፎ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ለየብቻው የሚደንስበት ሆኖ አገኘሁት። አብሮኝ የሚሄድ ወንድ የለኝም። አብረውኝ የሚኖሩት አክስቴ ደግሞ «ከማታውቂው ሰው ጋር ተያይዘሽ ልትዞሪ? የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያይሽስ?» ይሉኛል። ለብቻ መሄድ ይቻላል? ምን ልልበስ? ከየት ልጀምር? (ስሜ ይቆይ፣ ከጋርላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከፍለሽ የሄድሽበት ትምህርት ላይን ዳንስ ይባላል። ማንም አላታለለሽም፤ ቴክሳስ ውስጥ «የካንትሪ ዳንስ ለጀማሪዎች» ሲባል ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ለአዘጋጆቹ ይቀላል። የወንዱና የሴቱ ቁጥር ተመጣጠነ አልተመጣጠነ አያስጨንቃቸውም፤ አንድ አስተማሪ ማይክሮፎን ይዞ ሙሉ አዳራሽ ያንቀሳቅሳል። እኔም አልጠላውም። ነገር ግን እኚያ አያት እጃቸውን የዘረጉልሽ ለሌላ ነገር ነውና ወደዚያው እንሂድ።

ከእንግዲህ ማስታወቂያ ስታነቢ «ካንትሪ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተሽ ገንዘብ አታውጪ። «ቱ ስቴፕ» ወይም «ካንትሪ ዋልትዝ» የሚል ካላየሽ፣ በጥንድ የሚደነስ መሆኑም ካልተጻፈ፣ ደውለሽ ጠይቂ። እዚህም ላይ ስሞቹ ያምታታሉ። «ናይት ክለብ ቱ ስቴፕ» የሚባለው በዝግተኛ የፍቅር ዘፈን አንድ አካባቢ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተባለ የሚደነስ ሌላ ዳንስ ነው፤ ሠርጉ ላይ ካየሽው ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። «ዌስት ኮስት ስዊንግ» በጠባብ ቀጥተኛ መስመር ላይ የሚደነስ ነው፤ ውብ ነው፣ ግን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ካንትሪ ስዊንግ» በሚል ስም ደግሞ ወጣቶቹ ሴቲቱን የሚያሽከረክሩበት፣ ወደ ኋላ የሚያስተኙበት፣ አንዳንዴም ወደ ላይ የሚወረውሩበት አለ። ነርስ ነሽና የትከሻ ውልቃት ምን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም። አንቺ የምትፈልጊው ቴክሳስ ቱ ስቴፕ ነው፤ ስትደውዪ በዚሁ ሙሉ ስሙ ጥሪው።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። ከማስተማሪያው በፊት የምትደንሺበትን ወለል ፈልጊ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መስታወት በተለጠፈበት ስቱዲዮ ለወራት ይማርና አንድ ቅዳሜ እውነተኛ ጭፈራ ቤት ሲገባ ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። ቱ ስቴፕ አንድ ቦታ ቆሞ የሚደነስ አይደለም። ጥንዶቹ ሁሉ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዳራሹን ይዞራሉ፤ ከፊት ሌላ ጥንድ አለ፣ ከጎን የሚቀድም አለ፣ ባንዱ ደግሞ አስተማሪሽ ከለመደችው ፍጥነት በላይ ይጫወታል። ይህንን ስቱዲዮ አያስተምርሽም። ስለዚህ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ያህል ትምህርት ተሰጥቶ ከዚያ እዚያው ወለል ላይ ጭፈራው የሚቀጥልበትን ምሽት ፈልጊ። ጥቅሙ ይህ ነው፦ አብረውሽ የተማሩት ሰዎች ከትምህርቱ በኋላም እዚያው አሉ። አንቺ እንደማትችዪ ያውቃሉ፤ እነርሱም አይችሉም። የመጀመሪያዎቹ አጣማሪዎችሽ እነርሱ ናቸው።

ይህ ልማድ ቴክሳስ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ኦስቲን ያለው ብሮክን ስፖክ የተባለው ጭፈራ ቤት ከ1964 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ባንዱ ከመጀመሩ በፊት ቱ ስቴፕ በማስተማርም የታወቀ ነው። ከአንቺ ቤት ከሦስት ሰዓት በላይ የመኪና መንገድ ነውና ለየሳምንቱ አይሆንሽም፤ ወደዚያ ጉዳይ ካለሽ ግን አንድ ምሽት ስጪው። በአንቺው አቅጣጫ ፎርት ዎርዝ ከተማ ስቶክያርድስ በሚባለው የቀድሞ የከብት ገበያ ሰፈር ውስጥ ያለውን ቢሊ ቦብስን ሁሉም ሰው ይጠቁምሽ ይሆናል። በ1981 የተከፈተ፣ ራሱን የዓለም ትልቁ ሆንኪ ቶንክ (የካንትሪ ሙዚቃ ጭፈራ ቤት) ብሎ የሚጠራ፣ ቀድሞ የከብት ማጎሪያ የነበረ፣ ሺዎችን የሚይዝ ቤት ነው፤ ውስጡ በሬ ሲጋልቡ ሳይቀር ታያለሽ። ለማየት ሂጂ። ታዋቂ ዘፋኝ በመጣበት ቅዳሜ ግን የመጀመሪያ እርምጃሽን እዚያ አትለማመጂ፤ ሰው መሐል ትጠፊያለሽ። እዚያው ዳላስ ያለው ሎንግሆርን ቦልሩምም እንዲሁ ነው፤ በ1950 ዌስተርን ስዊንግ የሚባለው የካንትሪ ሙዚቃ ንጉሥ ለሆነው ለቦብ ዊልስ ተብሎ የተሠራ ታሪካዊ ቤት ነው፣ በ2023 እንደገና ከተከፈተ ወዲህ ግን ሰው ባመዛኙ የሚሄድበት ለኮንሰርት ነው። ለአንቺ የሚሆንሽ ከእነዚህ ያነሰ፣ ስሙ ያልገነነ ቤት ነው። ወለሉ ሰፋ ያለ እንጨት፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ማታ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች የማይጠፉበት። ፀጉራቸው የሸበተ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አሮጌዎቹ ዳንሰኞች የሚሄዱበት ቤት ወለሉም ሙዚቃውም ደህና ነው ማለት ነው፤ ጀማሪንም በትዕግሥት ይይዛሉ።

ጭፈራ ቤት ካስፈራሽ ሌሎች በሮችም አሉ። የየከተማው አስተዳደር መዝናኛ ማዕከላት አንዳንዴ የጥንድ ዳንስ ትምህርት በዝቅተኛ ዋጋ ይከፍታሉ፤ ጋርላንድም ሪቻርድሰንም ዳላስም የየራሳቸው ማዕከላት አሏቸውና የወቅቱን መርሐ ግብር ጠይቂ። የዳንስ ማኅበራት የሚያዘጋጁት መጠጥ የሌለበት የእሑድ ከሰዓት ጭፈራም ይገኛል። ቦልሩም የሚባለውን መደበኛ የጥንድ ዳንስ የሚያስተምሩትን ስቱዲዮዎች በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በዪ። መጀመሪያ በርካሽ ወይም በነፃ ይጋብዙሻል፣ በደንብ ያስተናግዱሻል፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ውል ይዘረጋል፤ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ውል አለ። ትምህርቱ መጥፎ ነው አልልም። በመጀመሪያው ቀን ግን ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ። በቡድን የሚሰጥ ትምህርት በሄድሽ ቁጥር እየከፈልሽ ብትማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው፤ በጭፈራ ቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የመግቢያውን ከከፈልሽ ትምህርቱ በነፃ ነው። ለብቻ የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ለጀማሪም አያስፈልግም።

ወንድ የለኝም ላልሽው፦ አያስፈልግሽም። ደህና አስተማሪ በየጥቂት ደቂቃው «ተቀያየሩ» ይላል፤ ሁለት ክብ ትሠሩና አንደኛው ክብ ባለበት ይቆምና ሌላው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ትደንሻለሽ፣ ስማቸውንም ሳትይዢው ታልፊያለሽ። ይህ ዝም ብሎ ሰው እንዳያፍር የሚደረግ ዘዴ አይደለም፤ በፍጥነት የሚያስተምረው እርሱ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የተማረች ሴት የዚያን ሰው ስሕተት ጭምር ትማራለች። ስትደውዪ የምትጠይቂው ሁለተኛ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ አጣማሪ ይቀያየራል ወይ? አይቀያየርም ካሉሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ሴቶቹ ከበዙ አስተማሪዋ አንዳንዶቻችሁን የመሪውን (ብዙ ጊዜ የወንዱን) እርምጃ ልታስተምር ትችላለች፤ ብትመርጥሽ እሺ በዪ፣ የመሪውን የተማረች ሴት የተከታዩ ቶሎ ይገባታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ «እኔ አስተምርሻለሁ» የሚል የምታውቂው ሰው ይዘሽ አትሂጂ። እንዲህ ያለው ሰው አስተማሪዋ ስትናገር አንቺን ያናግራል።

ምን እንደሚጠብቅሽ ደግሞ ልንገርሽ። እርምጃው ፈጣን፣ ፈጣን፣ ዝግ፣ ዝግ ነው። ፈጣኑ አንድ ምት፣ ዝጉ ሁለት ምት ይወስዳል፤ ሲደመር 6። ሙዚቃው ግን በአራት በአራት ነው የሚቆጠረው። እስከ ስምንት መቁጠር የለመደች ጆሮ የምትወናበደው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ተዪውና «ፈጣን ፈጣን ዝግ ዝግ» እያልሽ በአፍሽ ያዢው። አንዳንድ አስተማሪ ከዝጉ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከፈጣኑ፤ ክቡ አንድ ነው፣ አትጨነቂ። ተከታይ ስለሆንሽ በቀኝ እግርሽ ትጀምሪያለሽ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። ለጀማሪ ሴት ከባዱ ይህ ነው። ወደ ኋላ መሄድ ያስፈራል፤ አንገት ማዞር ይመጣል፣ እግርን ማየት ይመጣል። መፍትሔው ቤት ውስጥ ነው፦ ሙዚቃ ክፈቺና በኮሪደሩ ወደ ኋላ ተራመጂ፤ እግርሽን ሳታነሺ፣ ወለሉን እያበስሽ፣ ጣትሽ ቀድሞ ተረከዝሽ እየተከተለ። ወጡ እስኪበስል ብትሞክሪው ይበቃል። አክስትሽ ቢስቁ ይሳቁ።

ትከሻሽን በተመለከተ ላስጠንቅቅሽ። እኛ ሙዚቃ ሲገባን መጀመሪያ የሚነግረን ትከሻችን ነው፤ እግራችን ይከተላል ወይም ዝም ይላል። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ከወገብ በላይ ጸጥ፣ ሥራው ሁሉ ከወገብ በታች። ይህም ለይሉኝታ ተብሎ አይደለም። መሪው ወዴት እንደምትሄጂ የሚነግርሽ በጀርባሽ የላይኛው ክፍል፣ በትከሻሽ አጥንት ላይ ባሳረፈው እጁና በያዘው መዳፍሽ ነው። ትከሻሽ ከተንቀጠቀጠ መልእክቱ አይደርስሽም፤ ክንድሽ ከላላ ደግሞ እርሱ አንቺን አያገኝሽም። ክንድሽ ሳይደርቅ ሳይልም ቅርጹን ይያዝ። የትከሻውን ነገር ለኛው ሠርግ አቆዪው። የትግርኛውን ክብ ጭፈራ የለመድሽ ከሆነ ግን አንድ ነገር አታጪም፦ የአዟዟሩ አቅጣጫ አንድ ነው፣ ሰው ሳይገፉ በሰው መካከል እየዞሩ መጨፈርም አዲስ አይሆንብሽም። ዋልትዙን ደግሞ አትናቂው። በሦስት የሚቆጠር ነው፤ ከኛው ችክችካ ጋር ያደገ ጆሮ ሦስትን ከብዙ አሜሪካዊ ቀድሞ ይሰማል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ላይ ዝግ ያለ ስለሆነ ለመተንፈስ ጊዜ ይሰጣል።

ወለሉ ላይ ያለውን ሕግ ማንም ቆሞ አይነግርሽም፣ ሁሉም ግን እንደምታውቂው ያስባል። ፈጣኖቹ በውጩ ጠርዝ ይዞራሉ፣ ዝግተኞቹ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፣ ቦታ የማይለቁትና ላይን ዳንስ የሚደንሱት መሐል ይሆናሉ። ከጠፋብሽ አትቁሚ፤ ከመሪሽ ጋር እየተራመዳችሁ ወደ ውስጥ ግቡና እንደገና ጀምሩ። ወለሉን አቋርጦ መጠጥ ይዞ መሄድ ነውር ነው። አንድ ግብዣ አንድ ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ አመስግኖሽ ወደ መቀመጫሽ ይመልስሻል፤ ሌላ አልጠየቀሽም ማለት ጠላሽ ማለት አይደለም። አንቺም ሄደሽ ብትጋብዢ ማንም አይደነግጥም። አልፈልግም ለማለት «አመሰግናለሁ፣ አሁን አልደንስም» በቂ ነው፤ ምክንያት መደርደር አያሻም። ከሚገባው በላይ የሚጠጋሽ ቢኖር ክንድሽን አጥብቀሽ ርቀትሽን ጠብቂ፤ ካልገባው ዘፈኑ መሐል ላይም ቢሆን አመስግነሽ ውጪ። ለአስተማሪዋ ወይም ለቤቱ ሰዎች ብትነግሪ አያፍሩብሽም፤ ደህና ቤት እንዲህ ያለውን ሰው አይፈልግም። መጠጥ የማዘዝ ግዴታ የለብሽም፣ ውኃ ይበቃል። መታወቂያሽን ግን አትርሺ፣ በር ላይ ይጠይቁሻል።

ያልጠየቅሽኝ ግን ሳትጠይቂኝ አትቀሪም ብዬ የምገምተው አንድ ነገር አለ። «ከመካከላቸው ጥቁር እኔ ብቻ ብሆንስ?» ልትሆኚ ትችያለሽ፤ በአንዳንድ ምሽት ትሆኛለሽ። የቴክሳስ ጭፈራ ቤቶች በዘር ተከፋፍለው የኖሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ጥቁር ሰው የሚገባበት ምሽት ለብቻው የሚመደብበት ጊዜ ነበር። ሆኖም ይህ ባህል የነጭ ብቻ ነው የሚልሽ ካለ ታሪኩን አያውቅም። በካውቦይ ዘመን ከካውቦዮቹ ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። በሮዲዮ ውድድር ከፈረስ ላይ ዘልሎ በሬን ቀንዱን ይዞ መጣልን የጀመረው ቢል ፒኬት የተባለ ጥቁር ቴክሳሳዊ ነው፤ ሐውልቱ እዚያው ፎርት ዎርዝ ስቶክያርድስ ቆሟል። ከካንትሪ ዘፋኞች ታላላቆቹ መካከል የሚቆጠረው ቻርሊ ፕራይድ ጥቁር ነበር፤ ለብዙ ዓመታት የኖረውም፣ በ2020 ያረፈውም እዚያው አንቺ አጠገብ ዳላስ ነው። የኛስ ሰው ቢሆን ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰማ አላደገም? ስለዚህ እንደ እንግዳ አትግቢ። ገብተሽ በሩ ላይ የሚቀበሉሽን፣ ወለሉ ላይ የሚያዩሽን ዓይን አንብቢ። ካልጣመሽ የመግቢያውን ገንዘብ ለድኻ እንደሰጠሽ ቆጥረሽ ውጪና ሌላ ቤት ሞክሪ፤ ዳላስ አንድ ቤት ብቻ አይደለም ያላት።

አለባበስ አታብዢ። ጂንስና እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሙሉ ልብስ ነው። ባርኔጣ ተዪው። አዲስ ቡትስም ለመጀመሪያዎቹ ወራት አትግዢ፤ ደህናው ውድ ነው፣ ርካሹ እግር ይፈጃል። ዋናው ነገር የጫማሽ ሶል ነው። የሆስፒታል ጫማሽ ወለል እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስትዞሪ ጫማው ይቀራል፣ ጉልበትሽ ይዞራል። የቆዳ ሶል ያለው፣ ተረከዙ ዝቅ ያለና ከኋላ የተዘጋ ጫማ ፈልጊ፤ አሮጌ ዕቃ መሸጫ መደብሮች ውስጥ ለስለስ ያለ ቡትስ በትንሽ ገንዘብ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ረዥም የአንገት ሐብልና ትልልቅ ቀለበት ቤት ይቅሩ።

ወደ አክስትሽ ልምጣ። ስጋታቸውን አታቃልዪው፤ ልጅ ናት ብለው አይደለም የሚናገሩት፣ ስለሚወዱሽ ነው። ነገር ግን የሚያስቡት ቤትና አንቺ የምትሄጂበት አንድ አይደሉም። የእነዚህን ጭፈራ ቤቶች ቀደምት አዳራሾች በ19ኛው መቶ ዘመን መካከለኛው ቴክሳስ ላይ የሠሯቸው ከጀርመንና ከቼክ አገር የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ዋልትዙንና ፖልካ የሚባለውን ፈጣን የጥንድ ዳንስ ያመጡትም እነርሱ ናቸው። ቅዳሜ ማታ አያት፣ እናት፣ ሕፃን ሳይቀር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ልጆቹ ሲደክማቸው አግዳሚው ሥር ብርድ ልብስ ላይ ይተኛሉ፣ ወላጆቻቸው ይደንሳሉ። ከ1878 ጀምሮ የቆመው ግሩን አዳራሽ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንቺም ሠርጉ ላይ ያየሽው ይህንኑ ነው፤ አዛውንቱ አያት እንግዳ ሴት ሲጋብዙ ቤተሰባቸው እያየ ነው። ደግሞስ ጥንድ ሆኖ መደነስ ለኛ መቼ እንግዳ ሆነና? በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ሆቴልና በግዮን ባንዱ ሲጫወት የአክስትሽ ታላላቆች ተያይዘው ይደንሱ ነበር። ማን ማንን ይዞ እንደነበር ብትጠይቂያቸው ሳይሻል አይቀርም፤ አንዳንድ አክስት እዚህ ላይ ወሬ ይቀይራል።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ግን እኔ አልፈርድልሽም። የምትጾሚ ከሆነ ዐቢይ ጾም ሲገባ አቁመሽ ከፋሲካ በኋላ መቀጠል ትችያለሽ፤ ከዚያ በላይ ያለው በአንቺና በንስሐ አባትሽ መካከል ነው። የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአክስትሽ ተደብቀሽ አትሂጂ። ተደብቀሽ የሄድሽበት ነገር ንጹሕ ቢሆን እንኳ በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ይቆሽሻል። የእሑድ ከሰዓት ጭፈራ ስታገኚ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ወንበር ይዘው ለስላሳ እየጠጡ ይዩ። ከሸበቱት አንዱ መጥቶ እጁን ቢዘረጋላቸው ግን እኔን አትውቀሺኝ።

አስተማሪው ደህና መሆኑን በመጀመሪያው ምሽት ትለዪዋለሽ። ሙዚቃ ሳይከፍት ያራምዳችኋል? የመሪውንም የተከታዩንም ድርሻ ያሳያል? መጀመሪያ ዝግ ያለ ዘፈን ይመርጣል? እንዲህ ከሆነ ቆዪ። በመጀመሪያው ሰዓት መራመድ ሳትችሉ አራት ዓይነት መዞር የሚያሳይ ከሆነ የሚያስተምረው ለራሱ ነው።

ቤቱን ካገኘሽ በኋላ አትቀያይሪ። ሰው ሁለት ጊዜ ሄዶ «አልገባኝም» ይልና ሌላ አስተማሪ ይፈልጋል፣ እዚያም ከዜሮ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሳምንት ግራ መጋባት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም ያወቅሽ መስሎሽ ትሄጃለሽ። እግርሽ ሳታዝዢው ራሱ መራመድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቶቹም እስኪለምዱሽ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት የሥራ ፈረቃሽን ዘርግተሽ እይ። በተከታታይ ለአራት ሳምንት አንድ ዓይነት ምሽት ነፃ የምትሆኚበትን ወር ምረጪ፤ ዓርብና ቅዳሜ የምትሠሪ ከሆነ አትዘኚ፣ ለጀማሪ የሚሆነው የጥንድ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀናት ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰሽ በዚያው ቀን አትሂጂ። ከዚያ ደውዪና ሦስቱን ጠይቂ፦ ቴክሳስ ቱ ስቴፕ ነው ወይ፣ አጣማሪ ይቀያየራል ወይ፣ ከትምህርቱ በኋላ እዚያው ጭፈራ አለ ወይ። ሦስቱንም አዎ ካሉሽ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ሩብ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ጥንድ ያጣል።